ሥርዓተ ክወናን መለወጥና የአማርኛ መዛግብት ዕጣ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተሮቹን ሥርዓተ ክወና ለመለወጥ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያሰላው የመሣሪያውን ዋጋና የሠራተኛውን ሥልጠና ነው። ቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠው ሰነድ ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል። የሙኒክ ከተማ ምክር ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ለመዛወር ወስኖ፣ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒዩተሮችን ካዛወረ በኋላ ሥራውን በ2013 ፈጸመ፤ በ2017 ደግሞ ወደ ዊንዶውስ እንዲመለስ ወሰነ። ባለሙያዎቹን ካደከሟቸው ነገሮች አንዱ በየክፍሉ ለቀድሞው ሥርዓት የተዘጋጁት የደብዳቤ ቅጾች ነበሩ፤ ለዚሁ ሲባል ዎልሙክስ የተባለ የራሳቸውን ፕሮግራም እስከ መሥራት ደርሰዋል።

የአማርኛ ሰነድ ችግር ከዚህም ይብሳል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ 20ው የግእዝ አኃዝና እነ ቈ፣ እነ ጐ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋሉ። በአንድ ባይት የሚሠራው የቀድሞው ፎንት ግን ቢበዛ የሚይዘው 256 ምልክት ሲሆን፣ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘ ነበር። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች የላቲንን ፊደል ቦታ ተበደሩ፤ እያንዳንዱም በመሰለው መንገድ ደረደረው። በጊዜው ሌላ መውጫ አልነበረምና ሊወቀሱ አይገባም፤ እንዲያውም ምስጋናው ይቀርባቸዋል። ውጤቱ ግን ይህ ነው፦ በፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ የፍርድ ውሳኔውም የይዞታ ማስረጃውም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይወጣል።

ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ስፍራ ሰጠው፤ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። የቀደመው ጽሑፍ ግን በራሱ አይለወጥም፤ ለየሶፍትዌሩ የተለየ የመለወጫ ሠንጠረዥ ያሻዋል። በቃላት ማቀናበሪያ የተጻፈ ሰነድ የፎንቱን ስም አብሮ ስለሚይዝ ሥራው ይቀላል። የመረጃ ቋት ግን ይህን አይዝም። በአንድ መስመር የአማርኛ ስምና የእንግሊዝኛ አድራሻ ተከታትለው ሲገኙ፣ ፕሮግራሙ የቱ የቱ እንደሆነ ሊለይ አይችልም፤ አድራሻውንም ወደ ፊደል ቅራቅንቦ ይለውጠዋል። በጡረታ መዝገብ ላይ አንድ ፊደል ቢሳት ማሽኑ አይጮኽም፤ ባለጡረታው ግን ከመስኮቱ ፊት ቆሞ ስሙ አልተገኘም ይባላል።

እንግዲህ አሮጌው ማሽን ከመነሣቱ በፊት የትኛው ሰነድ በየትኛው ሶፍትዌር እንደተጻፈ ይመዝገብ፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፤ የተለወጠውም ከታተመው ቅጂ ጋር ይነጻጸር። ይህን ንባብ ባለጉዳዮቹን በስም ለሚያውቃቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መስጠት ይገባል፤ መሐንዲሱ እርሱ ምልክት ባደረገበት ላይ ተመልሶ ሠንጠረዡን ያርማል።