ፊታችን ነጋቲቩ ላይ ነበር
(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሕክምና እንዳታወሪ» ብለውኛል። እሺ፣ ስለ ፎቶ ማጠብ ላውራ።

ያደግሁት አዳሚ ቱሉ ነው። በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ነው፤ ፀሐዩን የሚያውቅ ያውቀዋል። አጎቴ እዚያ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረው። በቀይ መብራት ሥር ምስሉ ቀስ እያለ ብቅ ሲል ማየት የልጅነቴ ሲኒማ ነበር። ሲያርፍ ማጉያውንና ፊልተሮቹን ለእኔ ተወልኝ።

ባለፈው ዓመት ከባቻችን በሞት የተለየችን ጓደኛችን እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ በነጭ ጋውን የተነሳችበት የለሽም ወይ?» አሉኝ። ነበረኝ፤ ቀትር ላይ ደጅ የተነሳነው። ግን ያኔ ሲታጠብ ጋውኑ በርቶ ፊታችን ከስሎ ቀርቷል። ይኼ ለእናት ይሰጣል? ነጋቲቩን መብራት ላይ ባየው ግን ፊቷ አለ። የጠፋው ወረቀቱ ላይ ነው።

በፊልተር የሚሠራው ወረቀት (ኢልፎርድ መልቲግሬድን ያወጣው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው) ለአረንጓዴ ብርሃን ለስላሳ፣ ለሰማያዊ ጠንካራ ምስል ይሰጣል። ቢጫው ፊልተር ሰማያዊውን ይከለክላል፤ ኮንትራስቱ ይረግባል። ማጀንታው አረንጓዴውን ይከለክላል፤ ጥቁሩና ነጩ ይራራቃሉ። ቁጥራቸው ከ00 እስከ 5 ነው። አጎቴ «ነጩን በሰከንድ፣ ጥቁሩን በፊልተር» ይል ነበር።

በ2 ቁጥር ሞከርኩ፤ ፊቷ ከሰለ። ሰከንድ ብቀንስ ጋውኑ ባዶ ወረቀት ሆነ። ወደ 0 ወርጄ የጋውኑ ስፌት እስኪታይ አበራሁ፤ ፊቷ ወጣ፣ ግን ሁሉም አመድ መሰለ። እዚያው ወረቀት ላይ በ5 ቁጥር ጥቂት ሰከንድ ጨመርኩ። ፀጉሯ ጠቆረ፣ ዓይኗ ነፍስ ዘራ። እስከዚያ 11 ወረቀት አበላሽቻለሁ!

ራጅ ክፍል የሠራችሁ ይኼን ታውቁታላችሁ፤ ኪሎቮልቱ ሲጨምር ኮንትራስቱ ይቀንሳል፣ ከልብ ጥላ ጀርባ የተሸፈነው ሳንባም ይታያል። ከሕክምና አልወጣሁም መሰለኝ፣ ይቅርታ።

ፎቶውን ስሰጣቸው እናቷ ብዙ አልተናገሩም። በጣታቸው ጉንጯን ዳሰሱ፣ ከዚያ «ይቺ ናት» አሉ።

አንድ ልመና አለኝ። ቤታችሁ ያሉትን አሮጌ ነጋቲቮች አትጣሉ። የጠቆረ ፎቶ ያላችሁ ነጋቲቩን አምጡልኝ፤ በነፃ አጥባለሁ። ከመካከላችን የሌሉት ፊታቸው እዚያ ሊኖር ይችላል።