የውሻ ጅራት ቁስል ስለ ምን ይመላለሳል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር መልካም መልካም ነገር አሰምተዋል። የእኔ ርእስ ግን ከዚያ ዝቅ ያለ፥ እንዲያውም ከመሬት ብዙ የማይርቅ ነው፤ ይኸውም የውሻ ጅራት ነው። አንዳንዶቻችሁ ስትሥቁ አያለሁ። ሣቁን አልጠላውም፤ ነገር ግን በክፍል ውስጥ የተማርነው ሳይንስ ከደብተር ወጥቶ ከቤታችን ደጃፍ መድረስ አለመድረሱ የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው ብዬ አምናለሁና ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ከወልድያ ተነሥተን በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ ብንወርድ ውሻ የሌለበት ግቢ ማግኘት አይቀልም። በደጋው በጉንና ፍየሉን ከጅብ ይጠብቃል፤ በሀብሩ ቆላ ማሽላው ሲያሸት ዝንጀሮ ያባርራል፤ በከተማ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ደጅ ያስከብራል። ለዚህ ሁሉ ድካሙ ደመወዙ የተረፈ እንጀራ ነው። ጌታው ሲመጣ ግን ደመወዙ ማነሱን ረስቶ ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል። የዛሬው ነገራችንም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጅራቱን የሚያቆስለው ይኸው ደስታው ነውና።

ጅራት የጀርባ አጥንት ቀጣይ ነው። በብዙ ውሾች ዘንድ 20 በሚያህሉ ትናንሽ አጥንቶች የተሠራ ሲሆን፥ ከሥሩ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ከጫፉ ላይ ሥጋ የለም ማለት ይቻላል፤ ቀጭን ቆዳ በቀጭን አጥንት ላይ ተወጥሮ ነው ያለው። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ እጅ በዝግታ ቢወዘወዝም የጅራፉ ጫፍ እጅግ ይፈጥናል። የውሻም ጅራት እንዲሁ ነው። ሥሩ በጥቂቱ ሲነቃነቅ ጫፉ በኃይል ይወረወራል፤ በዚያ ላይ የድንጋይ ካብ፥ የቆርቆሮ በር ወይም የግንድ አጥር ካገኘው ቆዳው ይሰነጠቃል። ደሙም በየግድግዳው ይረጫል፤ ያየ ሰው በግ የታረደ ይመስለዋል።

ይህ ጉዳት በይበልጥ የሚያገኘው ጸጉሩ አጭር፥ ጅራቱ ረዥም፥ ጠባዩም ንቁ የሆነውን ውሻ ነው። በውጭ አገር ውሾችን በመልካቸውና በአቋማቸው የሚያወዳድሩ ሰዎች አሉ፤ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1859 ዓ.ም. በኒውካስል ከተማ የተደረገው ውድድር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ለውድድር የሚቀርብ ውሻ ደስተኛና ፈጣን እንዲሆን ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜም በጠባብ ቤት ያድራል። ስለዚህ እነዚያ ባለውሾች ቁስሉን አሳምረው ያውቁታል፤ «የደስተኛ ጅራት» ብለው ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እኛ የውበት ውድድር ባይኖረንም፥ ጠባብ ግቢና ደስተኛ ውሻ ግን አለን።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ቁስሉ ስለ ምን ይመላለሳል የሚለው ነው። ምክንያቱ አራት ነው።

አንደኛ፥ ውሻው የመታውን ግድግዳ ነገም ይመታዋል። አዲስ የበቀለው ቆዳ ከቀድሞው የሳሳ ስለ ሆነ በትንሽ ምት ይከፈታል። ሁለተኛ፥ ውሻው ቁስሉን ይልሳል፥ ይነክሳል። የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው የሚለው ወሬ እውነት አይደለም፤ በአፉ ውስጥ ብዙ ተሐዋስያን አሉ፤ ምላሱም ሻካራ ስለ ሆነ የሚድነውን ቆዳ ይፍቀዋል። ሦስተኛ፥ ጅራት ስለሚወዛወዝ ፋሻው ይወልቃል፤ እንዳይወልቅ ተብሎ ጠብቆ ሲታሰር ደግሞ ደም ይታገድና ጫፉ ይሞታል። አራተኛ፥ እንደ መርሳ ባለ ሞቃት ስፍራ ዝንብ በቁስሉ ላይ ዕንቁላሉን ይጥላል፤ በአንድ ቀን ውስጥም ትል ሊፈላበት ይችላል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለም? በቁስልም ነገሩ እንደዚሁ ነው፤ ግድግዳው በቀደደው ተሐዋስያንና ትል ይገባሉ።

በሠፈራችን የሆነውን ልንገራችሁ። የአንድ ጐረቤታችን ውሻ የጅራቱ ጫፍ በአንድ ክረምት ውስጥ አራት ጊዜ ቆሰለ። መካሪው ብዙ ነበር። አንዱ «ትኩስ አመድ ይነስነስበት» አለ፤ አንዱ «ነጭ ጋዝ ይፍሰስበት» አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ «ምን ያደክማችኋል፤ በመጥረቢያ ቆርጦ መገላገል ነው» አለ። ጐረቤታችን ግን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደው አማከሩ። ሐኪሙም ከመድኃኒቱ አስቀድሞ «ጋሼ፥ ውሻው የሚታሰረው የት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። የሚታሰረው በቆርቆሮው በርና በድንጋዩ ካብ መካከል ነበር፤ ስፍራው ከሁለት ክንድ አይበልጥም። ሰው በገባ ቁጥር ውሻው በደስታ ግራና ቀኙን በጅራቱ ይመታል፤ በአንድ ወገን ድንጋይ፥ በአንድ ወገን የቆርቆሮ ስለት ይቀበለዋል። ማሰሪያው ወደ ግቢው መካከል፥ ከዛፍ ሥር ተዛወረ። ቁስሉም በየቀኑ እየታጠበ ከሳምንታት በኋላ ዳነ፤ አልተመለሰምም። እነሆ፥ ሦስቱ መካሪዎች ቁስሉን አዩ፤ ሐኪሙ ግን የቁስሉን እናት አየ።

እንግዲህ በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ምን እናድርግ? ባጭሩ እዘረዝራለሁ።

በመጀመሪያ ራሳችንን እንጠብቅ። የታመመ ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። ስለዚህ የሚያውቀው ትልቅ ሰው ይያዘው፤ አፉም በለስላሳ ጨርቅ መተንፈሻውን ሳይዘጋ ለጥቂት ጊዜ ይታሰር። ትንንሽ ልጆች አይቅረቡ።

ቀጥሎ ደሙን እናቁም። ንጹሕ ጨርቅ በቁስሉ ላይ አድርገን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሳናነሣ እንጫን። አሁንም አሁንም እየገለጡ ማየት የረጋውን ደም ይቀሰቅሰዋል።

ከዚያም እንጠበው። ውሃ አፍልተን እናቀዝቅዝ፤ በግማሽ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ጨው እንጨምር፤ በዚህም ቁስሉን በቀስታ እንጠብ። ጸጉሩ ከቁስሉ ከተጣበቀ ዙሪያውን በመቀስ እናሳጥር።

በኋላም በስሱ እንሸፍነው። ንጹሕ ሻሽ አድርገን ከላዩ ላላ ያለ ፋሻ እንጠቅልል፤ ፋሻው ከቁስሉ ከፍ ብሎ በጸጉሩ ላይ ቢያያዝ ቶሎ አይወልቅም። በላስቲክ ወይም በክር ጠብቆ መታሰር ፈጽሞ የለበትም። በየቀኑ ይፈታ፤ ይታይ፤ ይለወጥ። ጫፉ ቢያብጥ፥ ቢቀዘቅዝ ወይም ቢጠቁር ፋሻው ጠብቋል ማለት ነውና ወዲያው ይፈታ። ውሻው እንዳይልስ ደግሞ ከወፍራም ካርቶን እንደ ቀፎ ያለ አንገትጌ ሠርተን ብናጠልቅለት ይበቃል፤ መብላትና መጠጣት መቻሉን ግን እንመልከት።

በመጨረሻም፥ ከሁሉ የሚበልጠው፥ ስፍራውን እንለውጥ። ጅራቱ የሚደርስበትን ግድግዳ በአሮጌ ጆንያ እንሸፍን፤ የቆርቆሮውን ጫፍ እንጠፍ፤ ሰንሰለቱን ከጠባቡ እናውጣ። ከቤት ስንገባም ውሻውን እየጮኽን አናስፈንድቀው፤ ዝም ብለን ገብተን፥ ጋብ ሲል ወደ ሰፊው ስፍራ ወስደን እንዳብሰው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ደስታው እንደ ጐርፍ ነው፤ ጧትና ማታ የሚንሸራሸር ግን ይረጋጋል።

የማይደረገውንም ልናገር። ትኩስ አመድ፥ ነጭ ጋዝ፥ ናፍታና በርበሬ ሥጋን ያቃጥላሉ እንጂ አያድኑም። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ፤ ለምሳሌ ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ቁስሉ ቢሸት፥ መግል ቢይዝ፥ አጥንት ቢታይ ወይም በሳምንት ውስጥ መሻል ባያሳይ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ጅራቱ ገና በቡችላነቱ ቢቆረጥ አይሻልም?» ይል ይሆናል። ይህ ጥያቄ በሌላም አገር ተነሥቷል። በብሪታንያ ተመራማሪዎች 138,212 ውሾችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. እንዳወጡት፥ የጅራት ጉዳት የተገኘው በ281 ብቻ ነው። አንድ ጉዳት ለማስቀረት 500 ያህል ቡችሎች ጅራታቸው መቆረጥ እንደሚያስፈልግም ገመቱ። አንዱን ለማዳን አምስት መቶውን ማቁሰል ምን ዓይነት ቁጠባ ነው? በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንዳንድ የሥራ ውሾች በቀር የቡችላን ጅራት መቁረጥ በሕግ ተከልክሏል። ውሻ በጅራቱ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ፍርሃቱንና ደስታውንም ለባልንጀሮቹ ይናገርበታል። እርግጥ ነው፥ ሁሉ ተሞክሮ ቁስሉ አልድን ሲል ሐኪም በማደንዘዣ ጫፉን ሊቆርጠው ይችላል። እርሱ ሕክምና ነው፤ መጥረቢያ ግን ጭካኔ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ነገር እናገራለሁ። ቁስሉ የመጣው ከግድግዳ ሳይሆን ከሌላ ውሻ ንክሻ ቢሆንስ? ያን ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ውሻውን ሳንነካ ለእንስሳት ሐኪም እናስታውቅ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ይህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ ከመቶው 99 በሚሆነው ወደ ሰው የሚያመጣው ውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ መከላከል ግን ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ በክትባቱ አድኖታል። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ልጆች ሆይ፥ ቁጣ ፈርታችሁ ንክሻ አትሸሽጉ! ወላጆች ሆይ፥ ንክሻ ሊነግራችሁ የመጣውን ልጅ አትቈጡ! ውሻችንንም በየጊዜው እናስከትበው።

ይህ ጥንቃቄ ከግቢያችንም አልፎ ይሄዳል። ላሊበላ አጠገብ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፥ ከአገራችን በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በአገሪቱ ሁሉ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ብዙዎቹን ፈጅቷል። እንግዲህ ውሻውን የሚያስከትብ ገበሬ ልጁንም፥ የአገሩንም ሀብት ያድናል ማለት ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ስለ ውሻ ጅራት የተናገርሁት ለአህያችንም ጀርባ ይሠራል። ጭነት የላጠው ጀርባ ቅባት ቢቀቡት ለጊዜው ይደርቃል፤ ዳውላው በዚያው በቀጭኑ ኮርቻ ላይ እስከ ተጫነ ድረስ ግን በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ ይላጣል። ስለዚህ የሚመላለስ ቁስል ባየን ጊዜ ሁሉ «ምን እንቀባው?» ከማለታችን በፊት «ምን ይነካዋል?» ብለን እንጠይቅ። አህያው «ጭነቱ ከበደኝ» አይልም፤ ውሻውም «ግድግዳው ቀረበኝ» ብሎ መናገር አይችልም። ማየትና መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው፤ ትምህርት ቤት የገባነውም ይህንኑ ልንለምድ ነው።