ካንዱ ተማሪ ቤት ወደ ሌላው ስለሚሄድ አስተማሪ
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለካህናትና ለምእመናን የተደረገ ንግግር



በዚህ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ትምህርት ብትናገር መልካም ነው አሉኝ። ስለ ትምህርት ጥቅም የሚናገር ሰው ብዙ ነውና፥ እኔ ስላስተማሪው፥ ያውም ስለ ታናናሾቹ ሕፃናት አስተማሪ ለመናገር አሰብሁ። ከዚህም ውስጥ አንድ ነገር ብቻ መርጫለሁ፤ ይኸውም አስተማሪ በሥራው ላይ ብስጭት ሲያገኘው ምን ማድረግ ይገባዋል፤ ሥራውን ለመለወጥ ቢቈርጥስ እንዴት አድርጎ ይውጣ የሚለው ነው።

ይህን የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ባለፈው ዓመት ከደብራችን ልጆች አንዲቱ፥ ባንድ የግል ተማሪ ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ የሆነች፥ ወደ እኔ መጥታ «የኔታ፥ ልልቀቅ ወይስ ልታገሥ?» ብላ ስለ ጠየቀችኝ ነው። ሁለተኛው ግን እኔ ራሴ በዚሁ ነገር የሠራሁት በደል ስላለ ነው። እርስዋ ነገርዋን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ የራሴን ግን ማንንም ሳላስፈቅድ እናገራለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በቅኔ መምህርነቴ ነው። ነገር ግን በልጅነቴ በጎጃም ከቅኔ ቤት ከቈየሁ በኋላ ወደ ዘመናዊው ተማሪ ቤት ገብቼ፥ የመምህራን ማሠልጠኛውንም ፈጽሜ፥ ከ1987 እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ የሕፃናት አስተማሪ ሆኜ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ያስተማርሁት የአራተኛ ክፍል ነው። በክፍሌም 78 ሕፃናት ነበሩ፤ ባንድ ዴስክ አራት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱንም መጽሐፍ ለሦስት ያነቡታል። ተማሪ ቤቱ በፈረቃ ስለሚሠራ የጠዋቶቹ ሳይወጡ የከሰዓቶቹ በር ላይ ይጠብቃሉ።

ይህ ሁሉ ግን አላስመረረኝም። ደበሎ ለብሶ፥ ቁራሽ ለምኖ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ ቅኔ የተማረ ሰው በጠመኔ እጥረት አይመረርም። ያስመረሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፥ አለቃዬ ወደ ክፍሌ ገብቶ በሕፃናቱ ፊት ያዘጋጀሁትን የትምህርት ዕቅድ ማናናቁ ነው። ሁለተኛው፥ በዓመቱ መጨረሻ የሥራ ምዘናዬን ዝቅ አድርጎ ስለ ምን ዝቅ እንዳደረገው ሳይነግረኝ መቅረቱ ነው፤ በዚህም ምክንያት የደረጃ ዕድገቴ ዘገየ።

ያን ጊዜ ወደ እርሱ ገብቼ «ምን አጐደልሁ?» ብዬ ብጠይቅ መልካም ነበር። እኔ ግን ዝም አልሁ። በእርሱ ፊት ዝም ያልሁትንም በሻይ ቤት ተናገርሁት፤ በሻይ ቤት የሰሙኝም ጓደኞቼ የየራሳቸውን ጨመሩበት፤ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። ከቶ ያልጠየቅሁትን ሰው መልስ እንደ ከለከለኝ አድርጌ ስከሰው ኖርሁ።

ይህን ነገር ከቅኔ ቤት ጋር ሳነጻጽረው ስንፍናዬ ይታየኛል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ። እኔ በልጅነቴ ይህን ሁለት ቤት ለማቆም ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ተቀምጬ ስቈጥር እውላለሁ፤ ማታ ወደ መምህሬ ሳቀርበው ባንድ ቃል ያፈርሱታል። ነገር ግን ሲያፈርሱት፥ እዚህ ላይ ሰሙ ወርቁን አልያዘልህም፥ እዚህ ላይ ቤቱ አልገጠመልህም ብለው ምክንያቱን ይነግሩኛል፤ ያልገባኝም እንደ ሆነ እጠይቃለሁ። ስለዚህ ቅኔዬ ቢፈርስም እኔ አልፈርስም ነበር። ነቀፋ ምክንያቱ ሲታወቅ ትምህርት ይሆናል፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ግን ቂም ይሆናል። ምክንያቱን መናገር ያለቃ ዕዳ ነው፤ ምክንያቱን መጠየቅ ደግሞ ያስተማሪው ዕዳ ነው። እኔ ያለቃዬን ዕዳ እየቈጠርሁ የራሴን ረሳሁ።

በ1998 ዓ.ም. በግንቦት ወር አንድ ቀን ጠዋት፥ አርፍጄ ስገባ አለቃዬ በጓደኞቼ ፊት ቢገሥጸኝ፥ አንዲት ቃል ሳልመልስ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ፤ ወደ ሥራዬም አልተመለስሁም። ያን ቀን ነጻ የወጣሁ መስሎኝ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው፤ በቦርሳዬ ውስጥ የሕፃናቱ ውጤት የተጻፈበት ደብተር እንዳለ ያወቅሁት ከቤቴ ከደረስሁ በኋላ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ የተማሪ ውጤት በመጨረሻው ፈተና ብቻ ሳይሆን በተከታታይ ምዘና እንዲታይ አዝዞ ነበርና፥ የዓመቱ ድካማቸው የተጻፈው በዚያ ደብተር ላይ ነበር። ልመልሰው አሰብሁ፤ ነገር ግን ዐፍሬ ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ ገባ።

ከስምንት ዓመት በኋላ በአውቶቡስ ማቆሚያ ቆሜ ሳለሁ አንድ ወጣት መጥቶ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ከዚያ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ነበረ። «ጋሼ፥ ያን ቀን አመምዎት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሚመጣ መስሎአቸው እስኪደወል ድረስ ቁጭ ብለው እንደ ጠበቁኝ፥ ከዚያም እስከ ሰኔ ድረስ ልዩ ልዩ አስተማሪዎች እየተፈራረቁ እንዳስተማሩአቸው፥ ውጤታቸውም በመጨረሻው ፈተና ብቻ እንደ ተሰጠ ነገረኝ። ይህ ልጅ የየሳምንቱን ሥራ አጣርቶ የሚሠራ፥ በፈተና ቀን ግን የሚደነግጥ ልጅ ነበረ። ያን ዓመት ክፍሉን ደገመ። ይህንም ሲነግረኝ ሊወቅሰኝ ብሎ አልነበረም፤ ስለ ጤናዬ ሊጠይቅ ብሎ ነበረ እንጂ።

አባቶቼ፥ ባለቃዬ ላይ የተቈጣሁትን ቁጣ የተቀበለው አለቃዬ አልነበረም፤ አንድ የዐሥር ዓመት ሕፃን ነበረ። በዚያው ሳምንት ደብተሩን ይዤ ወደ ተማሪ ቤቱ ሄድሁ፤ አለቃዬ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሮ ነበር፤ ደብተሩም ከእንግዲህ ለማንም የሚጠቅም አልነበረም። ልጁንና እናቱን ግን ከቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ለመንሁ።

እንግዲህ ያች ልጃችን «ልልቀቅ ወይስ ልታገሥ?» ብላ ስትጠይቀኝ ይህ ሁሉ በልቤ ነበረ። «ልጄ፥ ለመልቀቅ የፈለግሽው ስለ ምንድር ነው?» አልኋት። «ስለ ደመወዝ ነው» አለችኝ። የደመወዙ ነገር እውነት ነው፤ የቤት ኪራይና የእህል ዋጋ ከፍሎ የሚተርፍ አልነበረም። ነገር ግን የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሲሰማ ወርቁን መፈለግ ልማዱ ነውና ዝም ብዬ አስወራኋት። ስታወራ ሦስት ነገር ወጣ። አንደኛው፥ ሌላ አስተማሪ በቀረ ቍጥር ልጆቹን ሳይነግሩ ወደ እርስዋ ክፍል ያስገቡባታል። ሁለተኛው፥ አንድ ወላጅ ስለ ጠፋ እርሳስ በበር ላይ ሲጮኽባት ዲሬክተሩ እርስዋን ሳይጠይቅ ከወላጁ ጋር ቆመ። ሦስተኛው፥ የቅዳሜ ስብሰባ የሚነግሩአት ዓርብ ማታ ነው። በሦስቱም ውስጥ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «አልተጠየቅሁም» የሚል ነው። ደመወዙ ሰም ነበረ፤ ወርቁ ይህ ነበረ። ይህን ሳታውቅ ደመወዝ ወደ ተጨመረበት ሥራ ብትሄድ፥ በዚያም ሳይጠይቋት ቢቀሩ ያው ብስጭት ተከትሎአት ይሄድ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አልኋት። ሦስቱን ነገር በወረቀት ጻፊ፤ በጻፍሽበት ቀን ግን ለማንም አትስጪ። በማግሥቱ አንብቢውና ሰውን የሚሰድበውን ቃል ሁሉ ሰርዢ፤ የሆነውን ነገርና ሊሆን የምትፈልጊውን ብቻ አስቀሪ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ፥ በመተላለፊያ ሳይሆን በቢሮ፥ ነገሩን ለማቃናት ሥልጣን ላለው ሰው ብቻ ተናገሪ። እስከ መቼ እንደምትጠብቂም ቀን ቍረጪ፤ ቀን ያልተቈረጠለት ትዕግሥት ወደ ምሬት ይለወጣልና። በሻይ ቤት ግን አታውሪው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይባላል፤ ነገር ግን በሽታን ለሐኪም መንገርና ለገበያ መንገር አንድ አይደለም።

አስተማሪ ዝም ብሎ ይታገሥ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ያስተማሪ ብሶት ያገር ነገር ሆኖ የተነገረበት ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የትምህርት ዘርፍ ክለሳ የተባለውን ጥናት ተቃውመው ሥራ ባቆሙ ጊዜ፥ መንግሥት ጥናቱን በሥራ ላይ ከማዋል ተገታ። ብሶት ለሚመለከተው በግልጥ ሲነገር ኀይል አለው። ኀይል የሌለው፥ እንዲያውም ባለቤቱን የሚበላው፥ እንደ እኔ ያለው የተደበቀ ብሶት ነው።

ልጃችንም እንደ ተመከረች አደረገች። ዲሬክተሩ የሌላውን ክፍል ልጆች ማስገባቱን ተወ፤ ስብሰባውንም ከሦስት ቀን በፊት ማስታወቅ ጀመረ። የወላጁን ነገር ግን ጥፋት አላደረግሁም አለ። እርስዋም የቈረጠችው ቀን ሲደርስ ነገሩን መርምራ ለመሄድ ወሰነች። ስለዚህ ምክሬ እንድትቀር አላደረጋትም፤ እኔም እንድትቀር ብዬ አልመከርኋትም።

ነገር ግን አወጣጥዋን ተመልከቱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156፥ የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ 30 ቀን አስቀድሞ በማስታወቅ ሥራውን ሊለቅ እንዲችል ይፈቅዳል፤ አሠሪውም ሠራተኛው ሲጠይቀው የሥራውን ዐይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያዝዛል። እርስዋም 30ውን ቀን ቈጥራ፥ መልቀቅዋ ከዓመቱ ትምህርት መጨረሻ ጋር እንዲገጥም አድርጋ አስታወቀች። ውጤቱን ሁሉ ሞልታ አስረከበች። ከዚህም በላይ ሕግ ያላዘዛትን አንድ ነገር አደረገች፤ በክፍልዋ ለነበሩት 41 ሕፃናት ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት መስመር ጽፋ ለሚተካት አስተማሪ ተወች። ይህ ልጅ በግራ ጆሮው አጥርቶ አይሰማምና ከፊት ይቀመጥ፤ ይህች ልጅ በግራ እጅዋ ትጽፋለችና አትከልክሉአት፤ ይህ ልጅ ቁርስ ሳይበላ ስለሚመጣ ጠዋት ቢያንቀላፋ አትቈጡት፤ እያለች ጻፈች። በመጨረሻውም ቀን ልጆቹን ሰብስባ ወደ ሌላ ተማሪ ቤት እንደምትሄድ፥ የምትሄደውም እነርሱ ስላጠፉ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ይህን የመጨረሻውን ቃል ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ሕፃን አስተማሪው ሲጠፋበት ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስዳልና።

በእኛ ትምህርት ከመምህር ወደ መምህር መሄድ ነውር ሆኖ አያውቅም። የቅኔ ተማሪ የዋሸራውን መንገድ ተምሮ ወደ ጎንጅ፥ ከዚያም ወደ ዋድላ ቢሄድ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከመምህሩ ምርቃት ሳይቀበል አይነሣም። የሚነቀፈው መሄዱ አይደለም፤ ሳይሰናበቱ መሄዱ ነው። ወደ አዲሱ ስፍራ ከደረሰም በኋላ የፊተኛውን ቤት እያማ እንጀራ የሚበላ፥ የሚያደምጡት ሰዎች ነገ እኛንም እንዲሁ ያማናል ብለው ይጠብቁታል።

ወላጆች ሆይ፥ ይህ ነገር ለአስተማሪዎች ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። ያስተማሪው ስም የምትታወሰን እርሳስ ሲጠፋ ብቻ ከሆነ፥ መልካም አስተማሪ ሲሄድብን ማዘናችን ዋጋ የለውም። ልጃችሁ ማንበብ በጀመረበት ቀን ሄዳችሁ አንድ ምስጋና ተናገሩ። ቅሬታ ያላችሁም እንደ ሆነ በልጆች ፊት ሳይሆን ለብቻው ጠይቁት። የሰበካ ጉባኤ አባቶቼም የአብነት ትምህርት ለሚያስተምረው ሰው ሳይለምን የዕለት ምግቡን፥ ሳይጠይቅም ምክንያቱን ብትሰጡት፥ ቅዳሜና እሑድ ፊደል የሚቈጥሩት ልጆቻችን አስተማሪ አያጡም።

ኢዮቤልዩ በሙሴ ሕግ ኀምሳኛው ዓመት እንደ ሆነ፥ በዚያም ዓመት ባሪያ ነጻ እንደሚወጣ፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ እንደሚመለስ ታውቃላችሁ። ሁለቱ ነገር አብሮ የታዘዘ ነው። ነጻ የሚወጣ ይውጣ፤ ነገር ግን የሌላው ገንዘብ ወደ ባለቤቱ ይመለስ። እኔ ነጻ ስወጣ የሰባ ስምንት ሕፃናትን ድካም በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። ያ ደብተር ዛሬም በቤቴ አለ። ከተማሪዎቼ አንዱ ወደ ሌላ ጉባኤ ለመሄድ ሊሰናበተኝ ሲመጣ፥ ሳልመርቀው በፊት አውጥቼ አሳየዋለሁ።

እግዚአብሔር ደብራችንን ይባርክልን፤ ልጆቻችንን የሚያስተምሩትንም፥ በቦታቸው ያሉትን በጽናት፥ የሚሄዱትንም በሰላም ይጠብቅልን። አሜን።