«ቆዳውን ቢሰጥ ይድናል?»
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ቡና ስንጠጣ አንዲት እህታችን ወደ ጎን ወሰድ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ባለቤቷ የሃንቲንግተን በሽታ እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል። ለምርምር ከክንዳቸው ትንሽ ቆዳ ለመውሰድም ፈቃዳቸው ተጠይቋል። «አንቺ ላብራቶሪ አይደል የምትሠሪው? ቆዳውን ቢሰጥ ይድናል?» አለችኝ። ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው የምናገረው።

አይድኑም። ይህን ሳልነግራት ሌላውን ማውራት ማታለል ይሆንብኝ ነበር።

በሽታው ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ባለው ዕድሜ ይጀምራል። እጅና እግር ያለፈቃድ ይወራጫል፣ ጠባይ ይለወጣል፣ ማሰብና መናገር ይከብዳል። ጎረቤት «ሰክሮ ነው»፣ «ተደርጎበት ነው» ይላል። መንስኤው ግን በ1993 እ.ኤ.አ. ታውቋል። በአንድ ዘረመል ውስጥ ሲ፣ ኤ፣ ጂ የሚባሉ ሦስት ፊደላት ከልክ በላይ ይደጋገማሉ፤ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው ይመጣል። ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ለዚያ ግኝት ደማቸውን የሰጡት በቬንዙዌላ፣ በማራካይቦ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ድሃ ቤተሰቦች ነበሩ። ድህነቱ ግን አልለቀቃቸውም፤ ይህ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ታዲያ ቆዳው ለምን ይጠቅማል? በሕይወት ካለ ሰው አንጎል ቆርሶ ማየት አይቻልም። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው የቆዳ ሴል ላይ እንዳሳዩት፣ አራት ዘረመሎችን በመጨመር ሴሉን ወደ ጽንስነቱ ዘመን መመለስ ይቻላል። ከዚያ ተነሥተን የነርቭ ሴል እናደርገዋለን። በ37 ዲግሪ ሙቀት ተቀምጦ ምግቡ በየጊዜው ይለወጥለታል። እሁድም ፋሲካም አያውቅም፤ እንደ ጨቅላ ልጅ ነው የሚጠብቀኝ! ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በመጨረሻ የዚያው ሰው ስሕተት ያለበት የነርቭ ሴል በሳህን ላይ ይገኛል። አጠገቡ ደግሞ ከዚያው ሰው የተወሰደ፣ ስሕተቱ ብቻ የታረመለት ሴል እናስቀምጣለን። በሌላው ሁሉ አንድ ስለሆኑ፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ቢተርፍ ምክንያቱን ወደ ስሕተቱ እንመራለን። መድኃኒትም መጀመሪያ እዚያ ይሞከራል።

ችግሩ እነዚህ ሴሎች ሕፃናት መሆናቸው ነው። የ40 ዓመት ሰው በሽታ በሕፃን ሴል ላይ በቀላሉ አይታይም። በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 የታማሚዎችን ቆዳ ወደ ሕፃንነት ሳይመልሱ በቀጥታ ነርቭ አድርገው፣ ዕድሜውን እንደያዘ አጥንተውታል። ቢሆንም ሳህን አንጎል አይደለም፤ በሳህን ተስፋ የሰጠ መድኃኒት ሰው ላይ ሲሞከር ሊከሽፍ ይችላል።

ስለዚህ እህቴን «ፈርሙ» ወይም «አትፈርሙ» አላልኳትም። የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ግን ጻፍንላቸው። ስማቸው ከሴሉ ጋር ይያያዛል? ሴሉ ለሌላ ተቋም ወይም ለመድኃኒት ኩባንያ ይሰጣል? ሐሳባቸውን ቢለውጡስ? ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የአባት ቆዳ የልጆቹንም ምሥጢር ስለሚይዝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የፈቃዱ ወረቀት 11 ገጽ እንግሊዝኛ ነው። ማክሰኞ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ደጋፊዎቻችን ለአስተርጓሚ ከምትሰጡን ገንዘብ የሁለት ሰዓት ክፍያ ለዚህ እንዲውል ኮሚቴውን ጠይቄአለሁ።