ጠበቃው ዳኛ ሲሆኑ
(በመቀሌ ከተማ በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ መጨረሻ ላይ የተነሣው ወሬ ዛሬም እንዳልበረደ አያለሁ። «ጠበቃችን ዕድሜያቸውን ሙሉ በሕግ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ለምን ለወረዳ ዳኝነት አንመርጣቸውም?» ነው ነገሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ኋላ ተቀምጠው እየሰሙ ነው።

በቅድሚያ «እንምረጥ» የሚለውን ቃል እናጥራ። በአገራችን የወረዳ ዳኛ በካርድ አይመረጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 81 የክልል ዳኞች በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት ይሾማሉ ይላል። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ግን ጠበቃ ሥዕሉን ለጥፎ፣ ገንዘብ አሰባስቦ ለዳኝነት ይወዳደራል። ሜክሲኮም በግንቦት 2017 ዓ.ም. ዳኞቿን በሕዝብ ድምፅ አስመርጣለች፤ ከመቶ መራጭ ድምፅ የሰጠው ግን 13 ያህል ብቻ ነበር። መራጩ የማያውቃቸው ስሞች ተደርድረው ቢሰጡት ምን ያድርግ?

ዳኛን ራስ መርጦ ማቆም ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በድሮ ጊዜ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ «በሕግ አምላክ» ብለው አላፊ አግዳሚውን ያስቆሙት ነበር፤ ያም ሰው በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሁለቱንም ይሰማል። ከዚያም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ተቋቋመ። ዳኞቹን የሚመርጠው ነዋሪው ነበር። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ከቤትና ከቦታ ክርክር አልፎ አነስተኛ የወንጀልና የገንዘብ ጉዳዮችን ጨመረለት። ሽማግሌዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ቅርብ ነበር፤ ብዙ ደጅ አያስጠናም ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ያው ቀበሌ አሳሪም፣ መርማሪም ሆነ፤ ስንት ወጣት እንደወጣ ቀረ። ስለዚህ «ነዋሪው ከመረጠው ይበቃል» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ፣ የተመረጠው ሰው ማንን ይፈራ ነበር ብዬ እጠይቀዋለሁ።

አሁን ወደ ጠበቃችን ልምጣ። ጥሩ ጠበቃ ሁሉ ጥሩ ዳኛ ይሆናል ማለት አይደለም። ጠበቃ የሚቆመው ለአንድ ወገን ነው፣ ደመወዙም ከዚያው ነው። ዳኛ ግን የሚጠላውን ሰው ክርክር ሳያቋርጥ መስማት አለበት። ያም ሆኖ ጠበቃ የነበረ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ቀጠሮ በተዛወረ ቁጥር ባለጉዳዩ ከኲሓ ድረስ የሚከፍለውን የታክሲ ገንዘብና የሚያጣውን የሥራ ቀን ያውቃል። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ያየ ይህን ይረዳል። በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ከዚያ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሥርተው ለተበደሉ ሴቶች ሲሟገቱ ቆዩ፤ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ።

እዚህ መቀሌ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ምክንያት የቤት ሰነዱ የጠፋበት አለ፣ ያለ ኑዛዜ ወራሽ የሆነ አለ፣ ተፈናቅሎ መጥቶ በኪራይ የሚከራከር አለ። እነዚህ ሁሉ ዳኛ ፊት ይቆማሉ።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድር ነው? ካርድ ባይኖረንም አፍ አለን። ስለ ዕጩ ዳኛ አስተያየት ብንጠየቅ «ደግ ሰው ነው» አይበቃም፤ «ነገሬን አሸንፎልኛል» ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ይልቅ እንዲህ ብለን እንናገር፦ ለተቀበለው ገንዘብ ደረሰኝ ይሰጣል ወይ? በቀጠሮው ቀን ይገኛል ወይ? የማያዋጣ ክስ ይዘን ስንሄድ «ይህ አያዋጣም፣ ታረቁ» ብሎ ገንዘባችንን መልሶልናል ወይ? ደግሞ ስማችንን ጽፈን እንፈርም። ፊርማ የሌለው ወረቀት በር ሥር አስገብቶ መሸሽ የሰፈር ነገር ነው።

እሳቸው ቢሾሙ የምናጣውንም ከአሁኑ እንወቅ። ቀድሞ ጠበቃ ሆነው በቆሙበት ጉዳይ ዳኛ ሆነው መቀመጥ አይችሉም፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ በ1988ም፣ በ2013ም ዓ.ም. ሲወጣ እንዲህ ያለ ዳኛ ከችሎት እንዲነሣ ደንግጓል። ከእኛ ከጎረቤቶቻቸው ጋርማ በየቀኑ ይቸገራሉ። በልቅሶ ቤት ተጠግቶ «ያቺን ነገሬን እንዴት አዩልኝ?» የሚል ሰው ከመካከላችን አይጠፋም፤ ተዉ! ዝም ቢሉን ኮሩ አንበል። ለሽምግልናም እንደ ልባችን አንጠራቸውም፤ የታረቁት ሰዎች ነገ ችሎታቸው ላይ ሊቀርቡ ይችላሉና።

የእድራችንን የድንኳን ውልና የመጋዘኑን ኪራይ ወረቀት እስካሁን የሚያዩልን እሳቸው ናቸው። ይህን ሥራ የሚረከብ፣ ውል ማንበብ የሚችል ሰው ያለው ቤተሰብ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ።