ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ

ልጃችሁ ከደብረ ሲና የጣርማ በርን ዳገት ወጥታ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብታለች? እንግዲያው የዛሬው ጉዳይ፣ የሠራተኛ ቅነሳ፣ ለእናንተም ነው።

የጀርመኑ መኪና አምራች ቮልስዋገን በታኅሣሥ 2017 ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተስማማ፤ እስከ ፈረንጆቹ 2030 ድረስ በጀርመን ከ35 ሺህ በላይ የሥራ መደቦች ይቀነሳሉ። በግድ የሚባረር ግን የለም፤ መደቦቹ የሚቀነሱት በጡረታና በፈቃድ በሚለቁ ሠራተኞች ነው። ማኅበሩ ጠንካራ ባይሆን ይህ ይገኝ ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ።

እኛ ዘንድስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። ቅነሳ ሲመጣ አሠሪው ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለበት። የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያለው ይቆያል፤ እኩል ከሆኑ ግን አዲስ ገቢው ይቀድማል፤ ለመውጣት ማለቴ ነው። ማስጠንቀቂያውም የሁለት ወር ነው።

አሁን የክፍያውን ሒሳብ እንሥራ። በቀን 100 ብር እያገኘች አራት ዓመት የሠራች ልጅ እንውሰድ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 3,000 ብር። ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ የዚህ ሲሶ፣ በድምሩ ሌላ 3,000። ይህ የስንብት ክፍያ ነው። ምክንያቱ ቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 6,000 ብር ይጨመራል። ጠቅላላ 12,000 ብር።

ካልተከፈላት ደግሞ ሳትዘገይ ትክሰስ፤ የመክሰሻው የጊዜ ገደብ (ይርጋው) ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ብቻ ነው።