የአንዱ ሕመም የቤቱ ሁሉ ጉዳይ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በምሥራቅ ጎጃም፥ ከየጥኖራ እስከ ቢቸናና ሞጣ ባለው የጤፍ አገር፥ አንድ ወጣት ከሰው ተለይቶ ዝም ሲል ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቆጣ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። የነፍስ አባት ይጠራሉ፤ ጸበል ይታሰባል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ግን ለብዙ ዘመን የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል መግባት ግድ ነበር። በዚያም ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው በሽተኛው ነው፤ ቤቱ ከዓባይ ማዶ ቀርቷል። ይህ የቀረው ቤት በሕክምናው ውስጥ ምን ድርሻ አለው? የቤተሰብ ሕክምና የተባለው ጥናት የተመሠረተው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ሐሳቡ ለቴክኒክ ሰው እንግዳ አይደለም። የውኃ ማጠራቀሚያ ሲሞላ ተንሳፋፊው ወደ ላይ ወጥቶ ቧንቧውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ወርዶ ይከፍታል። ውኃው ተንሳፋፊውን ያዝዛል፤ ተንሳፋፊውም ውኃውን ያዝዛል። ኖርበርት ዊነር እ.ኤ.አ. በ1948 ሳይበርኔቲክስ በተባለው መጽሐፉ ይህን የግብረ መልስ ሕግ ከመሣሪያ አልፎ ሕይወት ላለው ፍጡርም አስፋፋው። ግሪጎሪ ቤትሰንና ጓደኞቹም በካሊፎርኒያ፥ በፓሎ አልቶ ሆነው የቤተሰብን ንግግር በዚሁ ዓይን መመርመር ጀመሩ። ሳልቫዶር ሚኑሺን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው መጽሐፍ በወላጅና በልጅ መካከል ያለው ወሰን ሲደበላለቅ ወይም እንደ ግንብ ሲጠነክር ቤተሰቡ እንዴት እንደሚታወክ አስረዳ።

ነገሩን ወደ አገራችን ለማምጣት አንድ ምሳሌ ይታሰብ። አንድ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ከአባቱ ቤት ይኖራል፤ የራሱ መሬት የለውም። እስከ 1967 ዓ.ም. በነበረው የርስት ሥርዓት በአባትም በእናትም ወገን ትውልዱን የሚቆጥር ሰው መሬት ሊጠይቅ ይችል ነበር። የ1967ቱ ዐዋጅ ይህን አስቀረ፤ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው ድልድልም የብዙ ገበሬ ይዞታ እንደገና ቆረሰ። ከዚያ በኋላ ለደረሰ ልጅ የቀረው ተስፋ በአብዛኛው ከወላጁ የሚቆረስለት ማሳ ነው። አባት ማሳው ቢከፈል ማንንም አይመግብም ብሎ ይሠጋል፤ ሥጋቱን ግን አይናገርም። ልጁም መጠየቅ ነውር ሆኖበት ዝም ይላል፤ አረቄ ይለምዳል። አባት ስንፍና ነው ብሎ ይቈጣል። ልጁ ይበልጥ ይሸሻል፤ አባትም ይበልጥ ይቈጣል። እናት በመካከል ሆና የአንዱን ቃል ለሌላው እያለሳለሰች ታደርሳለች፤ በዚህም ሁለቱ ፊት ለፊት ሳይነጋገሩ ይከርማሉ። ጠቡን የጀመረው ማን ነው? ከክብ ላይ መነሻ መፈለግ ይሆናል።

ሽማግሌዎች ይህን ክብ ያውቁታል። ሁሉንም በአንድ ጥላ ሥር ያስቀምጣሉ፤ ተራ ሰጥተው ያናግራሉ። ሕግም ሥራቸውን ሲያውቅላቸው ቆይቷል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ በቤተ ዘመድ ዳኞች እንዲታይ አድርጎ ነበር። ይሁን እንጂ ሽምግልና ዕርቅን ስለሚያስቀድም ብዙ ጊዜ ታናሹን ያጎነብሰዋል። ልጁ የአባቱን ጉልበት ስሞ ይታረቃል፤ የማሳው ነገር እንደ ተዳፈነ ይቀራል፤ ከአዝመራ በኋላ ጠቡ ይመለሳል። ፖል ዋትዝላዊክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስረዱት ልዩነት ይህ ነው፤ በሥርዓቱ ውስጥ የሚደረግ ለውጥ ሌላ፥ የሥርዓቱ የራሱ ለውጥ ሌላ። እዚህ ቤት ሥርዓቱ የሚለወጠው አባት ሥጋቱን፥ ልጅ ጥያቄውን በራሱ አንደበት ሲናገር፥ እናትም ከመልእክተኛነቷ ስታርፍ ነው።

ጥናቱ የራሱ ስሕተት እንደ ነበረበትም መታወቅ አለበት። ቤትሰንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ስኪዞፍሬኒያ የተባለውን ከባድ ሕመም በቤተሰብ ውስጥ ከሚነገር እርስ በርሱ ከሚጋጭ ቃል ጋር አያያዙት፤ ብዙ እናቶችም ያለ ጥፋታቸው ተወቀሱ። የኋላው ምርምር ያንን አልደገፈም፤ ዘርና የአንጎል ሁኔታ ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው ታውቋል። ነገር ግን ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝ እንዳሳዩት፥ ወቀሳና ቍጣ ወደ በዛበት ቤት የተመለሰ በሽተኛ ሕመሙ ቶሎ ያገረሽበታል። ስለዚህ በምሳሌው ያለው ልጅ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ቢሆን፥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ሽምግልናም ሆነ የቤተሰብ ጉባኤ መድኃኒቱን አይተካም። መድኃኒቱም በበኩሉ የቤቱን ቍጣ አያበርድም።

መሐንዲስ ቧንቧ ሲፈነዳ የተቀደደውን ከመለወጡ ጋር የመሥመሩን ግፊት ይለካል፤ አለበለዚያ አዲሱም ቧንቧ ይፈነዳል። ዓባይን ተሻግሮ የታከመ ልጅ የሚመለሰው ወደዚያው ቤት፥ ወደዚያው ማሳ ነው። በደጅ የሚጠብቁት አባትና እናት ጥፋተኛ ተብለው ሳይሆን የሕክምናው ረዳቶች ተብለው አስቀድመው ሊጠሩ ይገባል። ከየጥኖራም ሆነ ከሞጣ የመጣውን በሽተኛ የሚቀበል ሐኪም ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ጥያቄ ቢጨምር መልካም ነው፤ «ቤት ስትገባ ማን ምን ይልሃል? አንተስ ምን ትመልሳለህ?»